«ካርድ ይሰጣቸው፣ በየሳምንቱ ይመርመሩ» ለምትሉ፦ የወሲብ ንግድን ሕጋዊ ስለማድረግ የሐኪም አስተያየት



ስለ አባላዘር በሽታዎች በጻፍን ቁጥር ከሥር የሚመጣው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ይከልከል፣ ይታፈሱ» ይላል። ሌላው ደግሞ «እንደ አውሮፓ ሕጋዊ ይሁን፤ ካርድ ይሰጣቸው፤ በየሳምንቱ ይመርመሩ፤ ግብርም ይክፈሉ፤ በቃ ችግሩ ያልቃል» ይላል። ብዙ ላይክ የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። ዛሬ ላወራ የፈለግኩትም ስለዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም ሲሰሙት ጤና ጤና ይሸታል፣ ሲመረምሩት ግን ጤና የለበትም።

ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለየእምነታችሁ አባቶች እተወዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ ሴቷ፣ ደንበኛዋ፣ ቤት የምትጠብቀው ሚስቱ እና ነገ የሚወለደው ልጅ ናቸው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ ካርድ አያድንም። የሚያድነው ሴቷ ፖሊስንም፣ ደንበኛንም፣ የቤቱን ባለቤትም ሳትፈራ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ማለት መቻሏ ነው። ሕግ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ይህን ሲያግዝ ወይም ሲያደናቅፍ ነው።

መጀመሪያ ግን ቃላቱን እንለይ፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ሕጋዊ ማድረግ» ስንል መንግሥት ፈቃድ ይሰጣል፣ ይመዘግባል፣ ይቆጣጠራል ማለት ነው። ያልተመዘገበችው ወንጀለኛ ሆና ትቀራለች። «ከወንጀልነት ማውጣት» ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥራው ከወንጀል ሕግ ይወጣና እንደማንኛውም ሥራ በጤናና በሠራተኛ ደንብ ይተዳደራል። ስዊድን በ1999 እ.ኤ.አ ሦስተኛ መንገድ ጀምራለች፦ ሻጯ አትቀጣም፣ ገዢው ይቀጣል። ፈረንሳይም በ2016 ይህንን ተከትላለች።

እኛ ጋስ? ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን ዋናውን በትር ያሳረፈው ሴቷ ላይ አይደለም። በሌላ ሰው ገላ የሚነግደው፣ ለዚህ ሥራ ቤት የሚያዘጋጀው፣ ሴቶችንና ልጆችን ለዚህ የሚያቀርበው ደላላ ላይ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው፤ አፈሳ ሲመጣ ግን መኪና ላይ የምትጫነው እሷ ናት፤ ደላላው ጥግ ይዞ ያያል።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። ለዚህ አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ምሳሌው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ አለ። ሴኔጋል ከ1969 እ.ኤ.አ ጀምሮ የወሲብ ንግድን በምዝገባ ታስተዳድራለች። ሴቷ 21 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ ትመዘገባለች፤ የጤና ካርድ ይሰጣታል፤ በየጊዜው እየተመረመረች ካርዷ ላይ ይሞላላታል። ልክ እናንተ የምትሉት ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሐቁን ለመናገር ጥቅም አላመጣም አልልም። የተመዘገቡት ሴቶች ምርመራ፣ ሕክምናና ኮንዶም ያገኛሉ፤ ሴኔጋልም ኤች አይ ቪ በሕዝቧ ውስጥ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ካደረጉ አገሮች መካከል ናት። ግን አብዛኞቹ ሴቶች አልተመዘገቡም። ለምን? ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ እናቷ ብታገኘውስ? ነገ ትዳር ብትይዝ መዝገቡ ላይ ያለው ስሟስ? 19 ዓመቷ ከሆነ ደግሞ ብትፈልግም አትመዘገብም። ስለዚህ በጣም ልንደርስላት የሚገባት፣ ትንሿ፣ አዲሷ፣ የምትፈራዋ ልጅ ከሥርዓቱ ውጭ ናት፤ ፖሊስ ቢይዛት ደግሞ «ካርድሽስ?» ተብላ ትጠየቃለች። የጤና ካርድ የተባለው የእስር ሰበብ ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት በእኛ ሰፈር ይህ ካርድ ቢመጣ ስንቷ ትመዘገባለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

እሺ፣ ሁሉም ተመዘገቡ እንበል። አሁን እኔ የምደክምበት የሕክምናው ሒሳብ ይመጣል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አንዲት ሴት ሰኞ ጠዋት ተመረመረች። የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ይህ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ይወስዳል። ስለዚህ ሰኞ የወጣው «ነጋቲቭ» የሚነግራችሁ ከሳምንታት በፊት የነበረችበትን ሁኔታ እንጂ የዛሬውን አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሰው በቫይረሱ በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጣም ከፍተኛ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ የማስተላለፍ ዕድሉም ያኔ ይበረታል። ይኸውላችሁ፦ ወረቀቷ «ንጹሕ» በሚልበት ሰሞን በጣም አስተላላፊ ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው ቫይረሱ በደሟ እንዳለ አውቃ መድኃኒቷን በትክክል የምትወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰች ሴት በወሲብ ኤች አይ ቪ አታስተላልፍም። በካርዱ ሥርዓት ግን የምትባረረው ይህችኛዋ ናት፤ የምትሠራው ያችኛዋ።

ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ሰኞ ጠዋት ነፃ የነበረች ሴት ሰኞ ማታ ከመጣ ደንበኛ ልትያዝ ትችላለች፤ ካርዷ ግን እስከ ሚቀጥለው ሰኞ «ጤነኛ» ይላል።

ቆይ፣ ከመጣ ደንበኛ አልኩ አይደል? እሱን ማን መረመረው? ሴቷ በሳምንት ብዙ ወንዶችን ታገኛለች፤ እያንዳንዱ ወንድ ደግሞ የራሱ ሚስት፣ ፍቅረኛ፣ ሌላም ሴት አለው። ካርዱ የሚመረምረው ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዷን ቀለበት ብቻ ነው። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ምን ያህሉ «ዶክተር፣ ተመርምሬ ነጋቲቭ ነኝ ብላኝ ነበር ያለ ኮንዶም…» ብለው እንደሚጀምሩ ብታዩ! ያለ ካርድ እንኳ በቃል ብቻ እንዲህ ከሆነ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ ምን ይሆናል? «ካርድ አለሽ አይደል፣ ኮንዶሙ ለምንድነው?» የሚል ደንበኛ ይበዛል። ካርዱ ኮንዶሙን ያስጥላል።

ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዝ በ1864 እ.ኤ.አ ወታደሮቿን ከአባላዘር በሽታ ለመጠበቅ ብላ በጦር ሰፈር ከተሞች ሴቶችን በግዳጅ የሚያስመረምር ሕግ አወጣች። ወታደሮቹ አይገደዱም፤ ሴቶቹ ብቻ። ጆሴፊን በትለር የተባለች ሴት ለዓመታት ታግላ ሕጉ በ1886 ተሻረ። «እንደ አውሮፓ» ለምትሉት ደግሞ፣ ጀርመን ራሷ በግዳጅ የሚደረገውን ምርመራና የጤና ወረቀት በ2001 ትታ፣ ስም ሳይጠየቅ በፈቃደኝነት በሚደረግ ምርመራ ተክታዋለች። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛትም ለዓመታት የነበረውን የፈቃድ ሥርዓት በ2023 መጨረሻ አንስታለች። እኛ ልንጀምረው የምንፈልገውን እነሱ ሞክረው ጥለውታል።

ጀርመንን ካነሳን አይቀር ሌላም የምንማረው አለ፤ ይኼኛው ሕጋዊ ይሁን ለሚሉት ሁሉ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2002 ሥራው በሕግ ታወቀ። በ2017 ደግሞ እያንዳንዷ እንድትመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ መጣ። በ2023 መጨረሻ የተመዘገቡት ወደ 30,600 ገደማ ነበሩ። በሥራው ላይ ያሉት ግን ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ ሁሉም ይስማማል። ከተመዘገቡትም ጀርመናውያኑ ጥቂቶች ናቸው፤ ትልቁ ቁጥር ከሩማንያ የመጡ ሴቶች ናቸው። የድሃ አገር ልጅ ለሀብታም አገር ገበያ ማለት ነው። በ2013 የታተመ ብዙ አገሮችን ያወዳደረ ጥናትም የወሲብ ንግድ ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች ወደ ውስጥ የሚገባ የሰዎች ዝውውር በብዛት ሪፖርት እንደሚደረግ አሳይቷል። «ሪፖርት የሚደረገው ቢበዛ ነዋ» ብሎ ጥናቱን የሚነቅፍ አለ፤ ነጥብ አለው። እኔ ግን ወደ ጎን አልገፋውም።

ምክንያቱም የእኛን አገር ደላላ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከገጠር ከምትመጣ አውቶቡስ ስትወርድ «እህቴ፣ ሥራ ልፈልግልሽ» የሚላትን። መጀመሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ከዚያ አስተናጋጅ፣ ከዚያ «ልብስ ገዝቼልሻለሁ፣ የአልጋ አለብሽ፣ የምግብ አለብሽ» የሚባል ዕዳ፣ ከዚያ ማታ ማታ። አሁን ለቤቱ ፈቃድ ይሰጥ ብንል ፈቃዱን የሚያወጣው ማን ነው? እሷ ናት? ቤት ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ወረዳ ላይ ሰው ያለው እሱ ነው። ልጅቷ ዕዳዋ እንዳለ ሆኖ፣ ደላላው «ባለሀብት» ይሆናል። ትናንት ወንጀለኛ የነበረው ሰው ዛሬ ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃታል። እንዲህ ያለውን «ሕጋዊ ማድረግ» እቃወማለሁ፤ በግልጽ።

ታዲያ ሙሉ በሙሉ ይከልከላ? የለም። እሱም ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ በማላንግ አካባቢ በ2014 አስተዳደሩ የወሲብ ንግድ ቤቶችን በድንገት ዘጋ። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊት አካባቢውን ማጥናት ጀምረው ስለነበር በፊትና በኋላ ያለውን ማነፃፀር ቻሉ። በሴቶቹ ላይ የአባላዘር በሽታ 58 በመቶ ጨመረ። ሥራው አልቆመም፤ ቦታ ቀየረ። ድሮ ኮንዶም በቅርብ ያገኙ ነበር፤ ከተበተኑ በኋላ ማግኘቱ ከበደ፣ ዋጋውም ጨመረ። ሥራውን የተዉት ሴቶች ደግሞ ገቢያቸው ቀንሶ የልጆቻቸውን የትምህርት ወጪ መሸፈን አቃታቸው፤ ልጆቹም ቤተሰብ ለመደገፍ ሥራ ወደ መጀመር አዘነበሉ። «ይታፈሱ» የሚለው ሰው ይህንን የመጨረሻውን መስመር ደግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

በተቃራኒው የሆነ ነገር ደግሞ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት አለ። በሕጉ ውስጥ በነበረ ክፍተት ምክንያት ከ2003 የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ እስከ 2009 ድረስ በቤት ውስጥ የሚሠራ የወሲብ ንግድ ወንጀል አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት በሴቶች ላይ የሚመዘገበው ጨብጥ ከ40 በመቶ በላይ፣ ሪፖርት የሚደረግ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ደግሞ 30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተጠንቷል። ልብ በሉ፣ ይህ የጠቅላላው ግዛት ቁጥር ነው፤ የሴተኛ አዳሪዎቹ ብቻ አይደለም። የሰፈር ሴቶችም ተጠቅመዋል ማለት ነው። ያው ጥናት ግን ገበያው እንደሰፋም ተናግሯል። ጥቅሙን ብቻ ቆርጦ መጥቀስ ተገቢ አይደለም፤ ዋጋውም ይኸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ትምህርት ያለው ኒውዚላንድ ነው። በ2003 ፓርላማው 60 ለ59፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ሥራውን ከወንጀልነት አወጣው። በስንት ጭቅጭቅ እንዳለፈ ከድምፁ መገመት ትችላላችሁ። ሕጉ ምን ይላል? እስከ አራት ሴቶች ያለ አለቃ፣ ያለ ፈቃድ አብረው መሥራት ይችላሉ። ይህቺ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን የሕጉ ልብ ይህ ነው እላለሁ። ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ከቆመች ሴትና ከጓደኞቿ ጋር በር ዘግታ ከምትሠራ ሴት «አይሆንም» ማለት የምትችለው የትኛዋ ናት? እንዲህ ሲሠሩ ደግሞ ደላላ አያስፈልጋቸውም። ኮንዶም ለሁለቱም ወገን ግዴታ ነው። ገንዘብ ከተቀበለች በኋላም ሐሳቧን ብትቀይር መብቷ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ከተገኘች የሚቀጣው ገዢውና አቅራቢው እንጂ ልጅቷ አይደለችም። የግዴታ ምርመራ ካርድ የሚባል ነገር የለም።

በ2008 ጉዳዩን እንዲገመግም የተቋቋመው ኮሚቴ «ከተሞቹ በሴተኛ አዳሪ ይጥለቀለቃሉ» የተባለው አለመድረሱን፣ ቁጥሩ የሚታይ ጭማሪ አለማሳየቱን ዘግቧል። ከተጠየቁት ሴቶች ከግማሽ በላይ ደንበኛን እምቢ ማለት ከሕጉ በፊት ከነበረው እንደቀለላቸው ተናግረዋል። በ2014 ደግሞ አንዲት ሴት የምትሠራበትን ቤት ኃላፊ በፆታዊ ትንኮሳ ከሳ 25,000 የኒውዚላንድ ዶላር ካሳ ተፈርዶላታል። በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት «ተተነኮስኩ» ብላ ከሳ ስታሸንፍ! እኛ አገር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ተደፈርኩ» ብትል መልሱ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

እዚያም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ የውጭ ዜጎች በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ ስደተኛዋ አሁንም ፖሊስ ጋ መሄድ ትፈራለች፤ ያንን የሚያውቅ ሰውዬም ይጠቀምበታል። ከወንጀልነት ያልወጣችው አንዷ ዓይነት ሴት ብቻ ናት፤ የምትጎዳውም እሷው ሆና ቀረች።

ስለ ስዊድን መንገድ አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ሴቶች ስለምትደግፉት። ገዢው ይቀጣ የሚለው ሐሳብ ልብ ያረካል፣ እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል። ግን ደንበኛው ፖሊስ ሲፈራ ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ራቅ ያለ፣ ጨለማ፣ ቶሎ የሚያልቅ። ስለ ኮንዶም ለመነጋገርና ሰውየው ሰክሯል ወይ ብሎ ለማየት የምታገኘው ጊዜ ያጥርባታል። ቅጣቱ እሱ ላይ ቢሆንም ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት።

በእኛ አገር ኤች አይ ቪ በአዋቂው ሕዝብ ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሴቶች መካከል ግን አገር አቀፍ ጥናቶች የሚያሳዩት ከአምስቱ አንዷ ገደማ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መኖሩን ነው። በዚህ ርቀት «እነሱ ናቸው የሚያመጡብን» ብሎ መተርጎም ይቻላል። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ፦ እኛ ወንዶቹ ማታ እየሄድን ያስያዝናቸው፣ ቀን ቀን የምናፍርባቸው እህቶች ናቸው። ቫይረሱን እነሱ ጋ ያደረሰው ሰው ካርድ ተጠይቆ አያውቅም።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ነገ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ቦርሳ ውስጥ የተገኘ ኮንዶም በየትኛውም ከተማ ማስረጃ ተብሎ እንዳይያዝ ማድረግ ይቻላል። የመደፈር አቤቱታ ስትይዝ መጀመሪያ «ሥራሽ ምንድነው?» ብለህ የምትጠይቅ ፖሊስ፣ ያቺን ጥያቄ ተዋት። ጤና ጣቢያዎቻችን እስከ ምሽት ቢከፍቱ፣ ካርድ ክፍል ላይ ስም ጮክ ብሎ ባይጠራ፣ ነርሷም ከንፈሯን ባትመጥ፣ ያለ አንዳች ግዴታ በራሷ ፈቃድ የምትመጣው ሴት ቁጥር ከየትኛውም አስገዳጅ ካርድ ይበልጣል። በራሷ ፈቃድ የመጣች ሴት ደግሞ ሕክምናዋን አታቋርጥም። ኤች አይ ቪ ከመያዝ በፊት የሚወሰደው ፕረፕ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት ለእነዚህ እህቶች አገራችን ውስጥ አለ። ችግሩ አብዛኛው አገልግሎት በውጭ እርዳታ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ እርዳታዋን በድንገት ስታቆም እንዴት እንደተደናገጥን አንረሳውም። ለካርድ ማተሚያና ለተቆጣጣሪ ደመወዝ ገንዘብ ይገኛል ካልን፣ ለዚህ ቢውል ነው የምለው።

ለወንዶቹም፦ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋችሁ ወይም ኮንዶም ተቀዶባችሁ ከሆነ እሷ ምንም ብትላችሁ፣ ምንም ወረቀት ብታሳያችሁ፣ ሰዓቱን ቁጠሩ። ፔፕ የሚባለው ድንገተኛ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እስከ ሰኞ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ከ3 ወር በኋላ የመጨረሻውን ምርመራ እስክታደርጉ ድረስ ቤትም ያለ ኮንዶም አይሆንም፤ ሚስታችሁ ለምን ብላ ብትጠይቅ ምን እንደምትመልሱ ማሰብ የእናንተ ፋንታ ነው። የሽንት ማቃጠል፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለ ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ጨብጥ መድኃኒት እየተላመደ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁና ይህን የምታነቡ እህቶች ካላችሁ፣ ስለ ፕረፕም ሆነ ስለ ሌላ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አልጠይቅም።